ያለ ቀጠሮ አዋሽ ማደር

ድንኳኑን የገዛሁት ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ነው፤ ከተማዋን ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሻጩ «አራት ሰው ይይዛል» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ አራቱም ቆመው የሚያድሩ ከሆነ። ደግነቱ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና የአጎታችን ልጅ። የዓድዋ በዓል ከቅዳሜና እሁድ ጋር ገጥሞ ሦስት ቀን ዕረፍት አገኘንና፣ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄደን እንደር የሚለውን በዋዜማው ማታ ፉል እየበላን ወሰንን። ቦታ አልያዝንም፤ ለማንም አልደወልንም። ፓርክ ሰፊ ነው፣ ሦስት ሰው የትም ይተኛል ብለን ነበር።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ፣ በቁልቢ፣ በሂርናና በጭሮ አልፎ አዋሽ የሚደርሰው መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በስልክ ካርታ ላይ የግማሽ ቀን ጉዞ ይመስላል። ካርታው ግን ወንድሜን አያውቀውም። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ያሠሩትን የቁልቢ ገብርኤልን በዓድዋ ዕለት ሳይሳለሙ ማለፍ ነውር ነው ብሎ አስቆመን። ሂርና ላይ ምሳ በላን፤ ጭሮ ላይ ቡና ጠጣን፤ ከጭሮ ወዲያ ደግሞ ጎማ ፈነዳ። ሚኤሶ ቆላ ስንወርድ ፀሐይዋ ከፊት ለፊታችን ሆና ዓይናችንን ታጠፋን ነበር።

ፓርኩ በር ስንደርስ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው በጨዋ ደንብ አስረዳን፤ በዓል ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙ ሰው መጥቷል፣ ወንዙ ዳር ያሉት ማደሪያዎች ተይዘዋል፣ ነገ በጠዋት ኑ። አዋሽ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሦስት ቀን ዕረፍት ያገኘ የከተማ ሰው ሁሉ እንደኛው ያስባል። ይህንን ድሬዳዋ ሆኜ ማሰብ ነበረብኝ።

ቀጥሎ የሠራነውን ስሕተት ሳልደብቅ ልናገር። ከስልኩ ላይ የሳተላይት ምስል አውጥተን፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ሜዳማ ቦታ ፈለግን። አገኘንም። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ድንጋይ የሌለበት አሸዋ፣ ግራና ቀኙ ግራር። ወንድሜ ደስ ብሎት ድንኳኑን ማውረድ ጀመረ። እኔ የመጀመሪያውን ካስማ ይዤ ጎንበስ ስል ነው የቆምንበትን ያስተዋልኩት፤ የደረቀ ወንዝ ሆድ ውስጥ ነን።

የድሬዳዋ ልጅ ይህንን መሳት አልነበረበትም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ብዙዎቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ያን ሌሊት እናታችን ወንድሜን አዝላ፣ እኔን በእጇ ጎትታ ነው ያመለጠችው። ጀርባ ላይ የነበረው ልጅ ምንም አያስታውስም፤ አሁን አሸዋው ላይ ድንኳን ይዘረጋል። ደራሽ ጎርፍ ደግሞ ከራስህ በላይ እስኪዘንብ አይጠብቅም። ደጋው ላይ የዘነበው ነው ቆላ ላይ የሚወስድህ፤ የካቲት ደግሞ በልግ የሚጀምርበት ነው።

ይህንን እያልኩት ሳለ አንድ ሽማግሌ ከግመሎቻቸው ጋር ደረሱ። ወንድሜ በኦሮምኛ ሰላምታውን አስረዘመው፤ እንዴት ዋላችሁ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹ፣ ሰላም ነው። እሳቸውም ማን እንደሆንን፣ ከየት እንደመጣን፣ ለምን እንደቆምን ጠየቁ። ሂዱ አላሉንም። በዱላቸው በስተደቡብ ያለውን ደጋ አሳዩን፤ ከሩቅ መብረቅ ይበልጭ ነበር። ከዚያ የግመሎቹን መንገድ አሳዩን፤ ድንኳናችን የሚተከለው ልክ መሐሉ ላይ ነው። ያኔ አፈርኩ። እኛ ባዶ ያልነው መሬት ግጦሽ ነው፣ የከብት መተላለፊያ ነው፤ የአካባቢው አርብቶ አደር፣ ከረዩውም፣ ኢቱውም፣ አፋሩም እየተጠባበቀ የሚኖርበት ነው። እኔ ግቢ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ሳይጠይቀኝ ፍራሽ ቢያነጥፍ ምን እለው ነበር? ቦታ ለመጠየቅ ትክክለኛው ሰዓት ብርሃን ሳለ ነው፣ ፊት ለፊት መተያየት ሲቻል። ጨልሞ የመጣ እንግዳ ለባለቤቱም ስጋት ነው። «ከተማ ግቡ፤ ሾፌሮቹ የሚያድሩበት እደሩ» አሉን።

መፍትሔው እሱ ሆኖ ተገኘ። አዋሽ ሰባት የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪናዎች የሚያልፉበት ከተማ ነው፤ ብዙ ሾፌር አልጋ አይዝም፤ ግቢ ውስጥ መኪናውን አቁሞ ከሥሩ ምንጣፍ ያነጥፋል። አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት ጓሮ ገባን። ወንድሜ «እትዬ፣ ድንኳን ይዘናል፣ ጥግ ላይ ብንተክል» ሲላቸው ሳቁ። «እራት እስከበላችሁ ድረስ ድንኳኑ ምን ያስቸግረኛል ልጄ?» የከፈልነው የጥብሳችንን ብቻ ነው። አንድ ሾፌር ግን መብራት ይዞ መጣና የመረጥነውን ቦታ አስቀየረን፤ ከቆመ ተሳቢ ፊትም ኋላም አይተኛም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚነሣ አለ። ግንቡ ሥር አስጠጋን።

መሬቱ በጎማ ተደልድሎ ሲሚንቶ ሆኗል። የታይዋኑ ካስማ ሁለት ጊዜ ሲመታ እንደ መንጠቆ ተቆለመመ፤ አራቱንም አበላሸናቸው። ነፋሱ ድንኳኑን እያነሣ ሲጥለው ቆይቶ፣ የሾፌሩ ረዳት ሳንጠይቀው ከመኪናው ሥር አራት የእንጨት ታኮ አመጣ። ጥቁር ዘይት የጠጡ፣ ጎናቸው በጎማ የተነከሰ። ገመዱን በየታኮው ወገብ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመ፣ ታኮውን ወደ ውጪ ገፋው፣ ሸራው እንደ ከበሮ ተወጠረ። እስከ ንጋት አልተነቃነቀም። ለቆላው ወባ አጎበር ማምጣታችን ብቸኛው ብልህ ሥራችን ነበር። እንቅልፍ? ሞተር ሲነሣ ደረቴ አብሮ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እንቅልፍ ልለው አልችልም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፓርኩ በር ነበርን። ለዚህ ጉዞ ሁሉ የከፈልኩበትን ምሥጢር እዚህ አገኘሁት፤ በበዓል ሰሞን ቦታ የሚለቀቀው ማታ ሳይሆን ጠዋት ሦስትና አራት ሰዓት ላይ፣ ያደረው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ ነው። የመግቢያውን፣ የማደሪያውንና የስካውቱን፣ ማለትም የፓርኩን አጃቢ፣ ከፈልን፤ ፓርክ ውስጥ በነፃ ማደር የሚባል ነገር የለም። ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ሳላዎቹ ቀንዳቸውን እንደ ጦር አቁመው አዩን። ወንዙ ዳር ትልልቅ ዛፎች ሥር አንድ ቤተሰብ ዕቃ ሲጭን አገኘንና ጀሪካኑን ተሸክመን ረዳናቸው። አመዳቸው ሳይበርድ ቦታውን ተረከብን፤ የተረፋቸውን ከሰልም ትተውልን ሄዱ።

ስካውቱ በጫማው ተረከዝ መሬቱ ላይ መስመር አሰመረ፤ ከዚህ ወዲያ ወደ ውኃው የለም፣ አዞ አለ። አዞውን አላየነውም። ዳቦአችንን የበላው ጦጣ ነው፤ የመኪናው መስኮት ለአየር ያህል ጣት ስታክል ተከፍታ ነበር፣ በዚያችው እጁን አስገብቶ ላስቲኩን ጎተተ። ማታ ጅብ ሲጮህ የአጎታችን ልጅ «ሐረር ቢሆን በስሙ ጠርተን ሥጋ እናጎርሰው ነበር» አለ። ነገር ግን ከእሳቱ አልራቀም። እኔም አልራቅኩም።

ከዚያ ወዲህ ባቢሌ ሄደናል፤ የዝሆኖቹ መጠለያ ከሐረር ሩቅ አይደለም። በዋዜማው ቢሮውን ጠየቅን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን፣ የለውዝ ማሳ ያላቸውን ሰዎች ሰላም ብለን ቦታ አሳዩን አልን። የሚተረክ ነገር ሳይገጥመን አደርን።

አዋሽ ወንዝ ዳር ድንኳኑን ስንዘረጋው አንድ ታኮ ከውስጡ ወደቀ፤ ጠዋት በጥድፊያ ስንጠቀልል አብሮ ገብቷል። ስንመለስ ልናስረክብ ያ ጓሮ ገባን። መኪናው ወደ ጂቡቲ ሄዷል፤ የረዳቱን ስም አልጠየቅነውም። እትዬ ታኮውን አገላብጠው አዩትና መለሱልን። «ያዙት፤ ይመለሳል። እናንተም ትመለሳላችሁ» አሉ።