ሐሙስ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ

በእስራኤል ጦር ውስጥ ባገለገልሁበት ጊዜ ሥራዬ በደቡብ፣ በኔጌቭ በረሃ በነበረ አንድ የጦር ሰፈር የመገናኛ ሬዲዮ መያዝ ነበር። ከቃኚዎች የሚመጣውን መልእክት ተቀብዬ፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝገብ ላይ ጽፌ ለተረኛው መኮንን አስተላልፋለሁ።

ያደግሁት ሰንበት በጥብቅ በሚከበርበት የቤተ እስራኤል ቤት ነው። አያቴ በጎንደር ሳሉ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን አጥፍተው ቅዳሜን በቀዝቃዛ ምግብ የሚውሉ ሰው ነበሩ፤ እስራኤል ከገቡ በኋላም፣ ከዓርብ ጀምሮ ተሰክቶ የሚያድረውን የምግብ ማሞቂያ ራቢዎች (የአይሁድ የሃይማኖት መምህራን) እንደፈቀዱት እያወቁ ቤታቸው አላስገቡትም። አባቶቻችን ያከበሩት መጽሐፈ ኩፋሌም በመጨረሻው ምዕራፉ በሰንበት እሳት የሚያነድ፣ በባሕር ላይ በመርከብ የሚሄድ፣ ጦርነት የሚያደርግም ሰው ሞት ይገባዋል ይላል። እኔም ይህን በልቤ ይዤ ነው ወታደር የሆንሁት።

በምግብ በኩል አልተቸገርሁም፤ የጦሩ ወጥ ቤት በደንብ ኮሸር ነው (የአይሁድን የምግብ ሕግ ይጠብቃል)፣ የሥጋና የወተት ዕቃም ተለይቶ ይቀመጣል። ለጸሎትም ቦታ ነበረን። ያስጨነቀኝ ብዕር ነው፤ መጻፍ በሰንበት ከተከለከሉት ሥራዎች አንዱ ነውና። በሰንበት ተረኛ ስሆን ሰንበትን የማያከብር ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ይጽፍልኝ ነበር፤ እኔም ጉዳዩ መፍትሔ ያገኘ መስሎኝ ራቢ ሳልጠይቅ ወራት አለፉ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄዬ የአያቴን ሥርዓት የሚያስንቅብኝ መስሎኝ አፍሬ ነበር።

አንድ ዓርብ ሌሊት ጓደኛዬ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ባለበት ሬዲዮው ተጣራ። አንድ ወታደር ጊንጥ ነድፎታል፤ መተንፈስ እያቃተው ነው። ቃኚዎቹ ያሉበትን የካርታ ቁጥር፣ ስድስት አሃዝ፣ ነገሩኝ። ብዕሩ ፊት ለፊቴ ነበር፤ እኔ ግን ቁጥሩን በቃሌ ይዤ ለመኮንኑ ነገርሁት፤ ስነግረውም ሁለቱን አሃዞች አቀያየርኋቸው። አምቡላንሱ ወደ ሌላ ሸለቆ ሄዶ ተመልሶ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ያህል ባከነ። ወታደሩ ተረፈ። መኮንኑ መዝገቡን ገልጦ ባዶውን መስመር ሲያይ አልጮኸብኝም፤ «ቁጥሩ የት አለ?» ብቻ አለኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

እሑድ ጠዋት የሰፈሩን ራቢ ፈልጌ ሄድሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የኩፋሌንም ቃል አልደበቅሁም። እርሳቸውም በመቃብያን አባት በካህኑ በመታትያስ ዘመን በሰንበት አንዋጋም ብለው 1,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ፣ ከዚያ በኋላም መታትያስና ወገኖቹ ጠላት በሰንበት ቢመጣባቸው ሊዋጉ እንደወሰኑ አስታወሱኝ። ሕይወትን የሚያሰጋ ጥርጣሬ እንኳ ሰንበትን እንደሚሽር ሚሽና፣ የጥንት ራቢዎች የሕግ መጽሐፍ፣ ማስተማሩን አስረዱኝ። እንዲህ ያለውን ሥራ ሰንበትን ለማያከብር ሰው መተው ይሻላል ብዬ ማሰቤም ስሕተት ነበር፤ ነፍስ ለማዳን በሰንበት የሚሠራውን የእስራኤል ታላላቆች ራሳቸው ይሥሩት ይላልና ትምህርቱ። ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን ሚሽናን ከሚያብራራው ከኢየሩሳሌም ታልሙድ የጠቀሱልኝ ነው፦ ነፍስ ለማዳን የሚፈጥን ይመሰገናል፣ የሚጠየቀው ይነቀፋል፣ የሚጠይቀው ደም ያፈሳል። የሚጠይቀው ደም የሚያፈሰው በአደጋው ሰዓት ጊዜ ስለሚያባክን፣ የሚጠየቀው የሚነቀፈውም ሕዝቡን አስቀድሞ ስላላስተማረ ነው። «ስለዚህ ነቀፋው የእኔም ነው፤ ሰንበት ሳይገባ፣ ሐሙስ መጥቼ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር» አሉኝ።

ለዕረፍት ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ በተጀመረው፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎችን ከአዲስ አበባ ባሻገረው በረራ ነው የመጣው። «አባባ፣ ሰንበት ገብቶ እያለ አውሮፕላን ላይ ስትወጡ አልፈራችሁም?» አልሁት። «ፈርተናል ልጄ» አለኝ፤ «ግን ከተማዋ በጦር ተከብባ ነበር። ከቄሱ፣ ከቤተ እስራኤል ካህናችን፣ ጋር ተነጋግረን ነው የወጣነው፤ ማንም ብቻውን አልወሰነም።»

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ጥያቄዎቼን በወረቀት ይዤ ወደ ራቢው መሄድ ልማዴ ሆነ። መዝገቡ ላይ ምን ያህል ልጻፍ? አስቸኳይ ያልሆነው መልእክት ሰንበት እስኪወጣ ይቆይ? ለአብዛኛው ወዲያው ይመልሱልኛል። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ያጸደቀው፣ ከስርየት ቀን ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለው የስግድ በዓላችን ሲቃረብ ግን፣ የስግድን ጾም በረሃ ላይ ተረኛ የሆነ ወታደር እንዴት እንደሚጾም ጠየቅኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አሰቡና «ይህን የእናንተ ቄስ ነው የሚያውቀው፤ ስልካቸውን ስጠኝ» ብለው እዚያው ፊቴ ደወሉ፤ ቋንቋውን እኔ እያስተረጎምሁላቸው ሁለቱ ግማሽ ሰዓት ተነጋገሩ።