ፎቶውና ጽሑፉ ሲጣሉ

ዛሬ ከሐዋሳ ፒያሳ ወደ ፍቅር ሐይቅ ስወርድ ዓይኔ ታፔላ ላይ ነበር።

ፈረንሳዊው የምልክቶች ተመራማሪ ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1964 ጽሑፍ ለምስል ሁለት ሥራ እንደሚሠራ አሳይቷል። አንዱ መልሕቅነት ነው፤ ብዙ ትርጉም ያለውን ፎቶ አንዱ ላይ ያስረዋል። የዓሣ ፎቶ ብቻውን ምግብ ቤት ይሁን መረብ መሸጫ አይለይም፤ ከሥሩ «ጥብስ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ» ሲጻፍ ነገሩ ያበቃል። ሁለተኛው ቅብብል ነው፤ ልክ እንደ ካርቱን፣ ግማሹን ሥዕሉ ግማሹን ቃሉ ይናገራል።

ምስል እንዴት እንደሚነበብ ያጠኑት ክሬስና ቫን ሊዉወን ደግሞ አቀማመጥንና እይታን ያያሉ። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ጽሕፈት የታወቀው በግራ፣ አዲሱ በቀኝ ይሆናል። የጥርስ ክሊኒክ «በፊት» የሚለውን ፎቶ በቀኝ ከለጠፈ ሕክምናው ጥርስ ያበላሸ ይመስላል (አይሳቅም፣ ያጋጥማል)። የውበት ሳሎን ታፔላ ላይ ያለችው ሞዴል ፊት ለፊት ካየችን «ነይ ግቢ» ማለቷ ነው፤ ወደ ጎን ካየች ግን ለመታየት ብቻ ቀርባለች።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ታፔላ የምትሰበስቡ፦ መጀመሪያ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍናችሁ ምስሉ የሚለውን ጻፉ፤ ቀጥሎ ምስሉን ሸፍኑ። ሁለቱ ለየብቻ የማይሉት፣ ሲገናኙ ግን የሚመጣው ትርጉም ነው ዳታችሁ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ፎቶው ከቅርብ ብቻ ስለሚነሳ ነው፤ የታፔላው ከፍታና ጎረቤቱ ይጠፋል። ከመንገድ ማዶም አንሱት።