የኤምፒኤክስ ሬጂስተሮችን ከዲበገራችን እንዴት እንዳወጣሁ

ሥራውን ስቀበል የሁለት ቀን ጉዳይ መስሎኝ ነበር። በጂዲቢ ላይ ተመሥርቶ ቡድናችን በሚጠብቀው ዲበገር (ሌላ ፕሮግራምን አቁሞ ውስጡን የሚያሳይ የስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) ውስጥ ኤምፒኤክስ የሚል ስም ያለበትን ኮድ ሁሉ ፈልጎ ማጥፋት፣ ኮምፓይል ማድረግ፣ ቴስት ማስኬድ፣ በቃ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሦስቱም ሳምንት የሄደው ከሚጠፋው ኮድ ይልቅ በሚቀረው ላይ ነው።

ኤምፒኤክስ ፖይንተሮች (የሚሞሪ አድራሻ የሚይዙ ተለዋዋጮች) ከተመደበላቸው የሚሞሪ ክልል እንዳይወጡ የሚጠብቅ የሃርድዌር ድጋፍ ነበር፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ከስካይሌክ ፕሮሰሰሮች ጋር ነው ያወጣው። ከቢኤንዲ0 እስከ ቢኤንዲ3 የሚባሉ ባለ 128 ቢት ሬጂስተሮች (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ትናንሽ ማስቀመጫዎች) አሉት፤ እያንዳንዳቸው የአንድ ፖይንተር የታችና የላይ ድንበር ይይዛሉ። ሁለት ተጨማሪ የማዋቀሪያና የሁኔታ ሬጂስተሮችም አሉት። ብዙ ተጠቃሚ አላገኘም። ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር በ2019 በወጣው ቨርዥን 9፣ የሊኑክስ ከርነል ደግሞ በ2020 በ5.6 አስወጡት። እኛ ዘንድ ግን ኮዱ እንዳለ ነበር። አዲስ ሬጂስተር በተጨመረ ቁጥር «ከኤምፒኤክስ ጋር» እና «ያለ ኤምፒኤክስ» እየተባለ ሁሉ ነገር እጥፍ ይጻፍ ነበር። መውጣቱ ተገቢ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

አንድ መስመር ከመሰረዜ በፊት ኮር ፋይሎች፣ ማለትም ፕሮግራም ሲወድቅ የሚሞሪውና የሬጂስተሮቹ ይዘት የሚቀመጥባቸውን ፋይሎች፣ ሰበሰብኩ። የቬክተር ሬጂስተሮቹን (ብዙ ቁጥሮችን አንድ ላይ የሚይዙትን) በሚታወቁ ቁጥሮች ሞልቶ ራሱን የሚያቆም ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና ኤምፒኤክስ በሌለው ማሽን፣ ባለውና አሮጌ ከርነል በሚያስኬድ ማሽን፣ እንዲሁም ኤቪኤክስ-512 (ኤቪኤክስ የሚባሉት የቬክተር ሬጂስተሮች የሰፋ ዓይነት) ባለው ማሽን ላይ አስኬድኩት። በዚህ ሥራ ውስጥ ካደረግሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው።

ስህተቱን የያዘልኝ ሁለተኛው ኮር ፋይል ነው። ፕሮሰሰሩ የፍሎቲንግ ፖይንትና የቬክተር ሬጂስተሮቹን የሚያስቀምጥበት ኤክስሴቭ የሚባል ክልል አለ፤ ኮር ፋይል ውስጥም እንዳለ ይገባል። እያንዳንዱ የሬጂስተር ቡድን እዚያ ውስጥ የራሱ መነሻ አለው። በነዚህ የኢንቴል ማሽኖች ላይ የኤቪኤክስ ክፍል ከ576 ጀምሮ 256 ባይት ይይዝና 832 ላይ ያበቃል። የድንበር ሬጂስተሮቹ ከ960፣ ማዋቀሪያውና ሁኔታው ከ1024፣ የኤቪኤክስ-512 ማስክ ሬጂስተሮች ደግሞ ከ1088 ይጀምራሉ። በሩጫ ላይ ካለ ፕሮግራም ጋር ሲሆን እነዚህን መነሻዎች ከፕሮሰሰሩ በሲፒዩአይዲ ትዕዛዝ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። አሮጌ ኮር ፋይል ግን መነሻ አይናገርም፤ ዲበገሩ ከክልሉ ጠቅላላ መጠንና የትኞቹ የሬጂስተር ቡድኖች እንደበሩ ከሚነግሩት ከኤክስሲአር0 ቢቶች ተነስቶ መገመት አለበት። በግምቱ ኮድ ውስጥ «ኤምፒኤክስ ካለና መጠኑ 1088 ከሆነ» የሚል መስመር ነበር። ስሙን አየሁና ሰረዝኩት።

ከዚያ ኮር ፋይሉን ስከፍት ዋይኤምኤም0 የሚባለው የኤቪኤክስ ሬጂስተር ታችኛው ግማሽ፣ ማለትም ኤክስኤምኤም0፣ ልክ ነው፤ ላይኛው ግማሹ ግን «የለም» ይላል። ታችኛው ግማሽ በክልሉ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ስለሚቀመጥ ምንም ግምት አይፈልግም። ላይኛው ግማሽ 576 ላይ ነው፤ ዲበገሩ ደግሞ 1088 የሚባል መጠን ስለማያውቅ አቀማመጡን ከነጭራሹ ትቶታል። ኤምፒኤክስን አጠፋሁ ብዬ ኤቪኤክስን አጠፋሁ። የሰረዝኩት መስመር የኤምፒኤክስ ስም ይኑረው እንጂ የሚያገለግለው ጎረቤቱን ነበር።

መስመሩን መለስኩት፤ ከጎኑም ለምን እንደሚቀር ጻፍኩበት። ያን ቀን ከሰዓት የቀረውን ኮድ ሁሉ በዚህ ዓይን እንደገና አየሁት። በኤቪኤክስ-512 ማሽን ላይ የኤምፒኤክስ ቢቶች ጠፍተውም ማስክ ሬጂስተሮቹ እዚያው 1088 ላይ ናቸው፤ ማንም ወደ ፊት አልተጠጋም። የኤክስሲአር0 ንጽጽርም እንዲሁ ወጥመድ ነበረው። ባለ ኤምፒኤክሱ ማሽን 11111 ይላል፣ እኛ የምናውቀው ከእንግዲህ 111 ብቻ ነው። በቀጥታ እኩልነት ብናነጻጽር ማሽኑን የማናውቀው ይመስለናል፤ ስለዚህ የማናውቃቸውን ቢቶች መጀመሪያ ደብቆ ቀሪውን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሬጂስተር ስንጽፍም ክልሉን በሙሉ አንብበን፣ የተቀየረውን ብቻ ነክተን፣ የድንበሮቹን ባይቶች እንዳሉ እንመልሳለን። የሚሠራው ፕሮግራም አሁንም ይጠቀምባቸው ይሆናል።

በሌላ ማሽን ላይ ሆኖ ፕሮግራሙን ለዲበገሩ ከሚቆጣጠረው ከሩቅ ሰርቨር ጋር ያለው ጉዳይ ከጠበቅሁት ቀለል አለ። አዲስ ሰርቨር ከአሮጌ ዲበገር ጋር ምንም ችግር የለበትም፤ ኤምፒኤክስ የሌለው ማሽን ድሮም ስለነበረ ያ መንገድ ለዓመታት ተፈትኗል። አሮጌ ሰርቨር ከአዲስ ዲበገር ጋር ሲሆን ግን ሰርቨሩ በኤክስኤምኤል መግለጫው ውስጥ የድንበር ሬጂስተሮቹን ይዘረዝራል። ቡድኑን አላውቀውም ብዬ ብዘለው ኖሮ በአንድ ፓኬት ከነሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ በ80 ባይት ይዛነፉ ነበር፤ አራቱ 64፣ ሁለቱ 16። እንደ እድል ሆኖ የማይታወቅ ቡድን ሲመጣ በተነገረው መጠንና ዓይነት የሚቀበል አጠቃላይ ኮድ አለ። ስለዚህ ጥሬዎቹ ሬጂስተሮች ከአሮጌ ሰርቨር ጋር አሁንም ይታያሉ፤ የጠፉት ዲበገሩ ራሱ አስልቶ ያሳያቸው የነበሩት ናቸው። የላይኛው ድንበር ቢቶቹ ተገልብጠው ስለሚቀመጡ ያ ስሌት የግድ ነበር፤ ጥሬውን የሚያነብ ሰው ከእንግዲህ ራሱ ይገለብጣል።

አንድ ነገር አውቀን ተውነው። ተጠቃሚው ከዲበገሩ ውስጥ የፕሮግራሙን ፈንክሽን ሲጠራ ድሮ የድንበር ሬጂስተሮቹን ወደ «ሁሉ ይፈቀዳል» እንመልስ ነበር፤ አለበለዚያ ፈንክሽኑ ፖይንተሮቹን ከቀድሞው ጥሪ ከተረፉ ድንበሮች ጋር ያነጻጽርና ስህተት ያስነሳል። አሁን አንመልስም። በአሮጌ ከርነል ላይ በኤምፒኤክስ የተሠራ ፕሮግራም ለሚዲበግ ሰው ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ በለውጥ ማስታወሻው ላይ በግልጽ ጽፈን የቀድሞውን ቨርዥን እንዲጠቀም መከርነው። የፕሮሰሰር ትዕዛዞችን ወደሚነበብ ጽሑፍ የሚመልሰውን ዲስአሰምብለር ግን አልነካሁም። ትዕዛዞቹ በአሮጌ ፋይሎች ውስጥ አሁንም አሉ፤ አዲስ ፕሮሰሰር እንደ ባዶ ትዕዛዝ ያልፋቸዋል፣ የሚያነባቸው ሰው ግን ምን እንደሆኑ ማየት አለበት።

ወደ ማጠናቀቁ ስቃረብ እንቅልፍ የነሳኝ ስክሪፕት ነው። በጂዲቢ ውስጥ በዶላር ምልክት የሚጀምር የማይታወቅ ስም ስህተት አይደለም፤ የተጠቃሚ ተለዋዋጭ ተደርጎ ይወሰዳል። የሁኔታውን ሬጂስተር አትም ሲባል «ቮይድ» ይላል። ዜሮ አድርገው ሲባል በዚያ ስም አዲስ ተለዋዋጭ ፈጥሮ ዝም ይላል። ማለትም የአንድ ሰው የዓመታት ስክሪፕት አይወድቅም፤ እየሠራ ይዋሻል። ለተወገዱት ስሞች ትንሽ ዝርዝር አበጀሁ፤ ከነሱ አንዱ ሲነበብም ሆነ ሲጻፍ ዲበገሩ ሬጂስተሩ እንደወጣና ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደሆነ ይናገራል። ሰርቨሩ ራሱ ሬጂስተሩን ከላከው ማስጠንቀቂያው አይወጣም።

ሁሉም በስድስት ኮሚቶች (ለየብቻ በተመዘገቡ ለውጦች) ገባ፤ ቴስቶቹ መጀመሪያ፣ የዲበገሩ የኤምፒኤክስ ትዕዛዞች ቀጥለው፣ ሬጂስተሮቹ መጨረሻ ላይ፤ እያንዳንዱ ኮሚት ለብቻው ኮምፓይል ይሆናል። የስሞቹን ዝርዝር ሁለት ቨርዥን አቆይተን እናነሳዋለን። የ1088ቱ መስመር ግን የማንሻ ቀን የለውም፤ ያ ኮር ፋይል ከቴስቶቻችን ጋር በየምሽቱ ይሮጣል።