ከሰርተፊኬቱ ኋላ ያለው ወረቀት

ሰኔ ሲገባደድ የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ በክላሰር ይሞላል። ማርክ ተደምሮ ሮስተሩ ካለቀ በኋላ የሚቀረው የዓመቱን ማህደረ ተግባር ማሟላት ነው። የተሙማ (ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ዕቅድ፣ የአቻ ምልከታ ቅጽ፣ የሥልጠና ሰርተፊኬት፣ የተግባር ጥናት፣ ጽብረቃ (መምህሩ ስለ ራሱ ሥራ መለስ ብሎ የሚጽፈው)። ባሕር ዳር ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ የማስተምረው እኔም ሰሞኑን የራሴን እየሰበሰብኩ ነው። ዘንድሮ ግን ወረቀት ከማሟላት ያለፈ አንድ ሐሳብ ይዞኝ ሰንብቷል። ይህን ክላሰር የሚገልጥ ሰው ተማሪዎቼ ምን እንደተማሩ ካላየበት፣ የእኔን መሠልጠን ማየቱ ምን ይረባዋል?

አሠራሩን አልነቅፍም። ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ራሱን እንዲያሻሽል ይጠይቃል፤ ትንተና፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ ብሎም ይዞራል። ዑደቱ የሚነሣው ከተማሪ ችግር ነው፤ ይሄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ማስረጃ አቅርቡ ሲባል ቶሎ እጅ የሚገባው ማኅተም ያለበት ነው። ሰርተፊኬት ማኅተም አለው። ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደብተር የተቀደደች ቁራጭ ወረቀት የላትም። ስለዚህ ክላሰሩ በሰርተፊኬት ይወፍርና ልጆቹ ከውስጡ ይጠፋሉ።

በኢንተርኔት መማር የጀመርኩት መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች የተዘጉ ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ነበርን፤ ማስታወሻ እንልካለን፣ ጥያቄ እንልካለን፣ ስልክ የሌለው ልጅ ግን አይደርሰውም። እኔ ደግሞ በጎን በነጻ የሚሰጡ ኮርሶችን መፈለግ ያዝኩ። በኋላ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ መንገዱ ሌላ ሆነ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዶ ጽሑፉን በፍላሽ ማውረድ፣ ባሕር ዳር ፔዳ ሰፈር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ማሳተም፣ ከዚያ ቤት ቁጭ ብሎ በእስክሪብቶ እያሰመሩ ማንበብ። እውነቱን ለመናገር በወረቀት ያነበብኩት ከቪዲዮው ይልቅ ጠልቆ ገብቶልኛል። ቪዲዮ ያልፋል፤ ወረቀት ጎን ላይ ግን «ይሄ ለእኛ ክፍል ይሆናል ወይ?» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ካነበብኩት ሁሉ ክፍሌን የለወጠው ስለ ምዘና የሚያስተምረው ኮርስ ነው። እዚያ ውስጥ የአሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ የሜሪ በድ ሮው ሥራ ተጠቅሷል። እሷ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተመቻቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳየች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፍ ሲል የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት መናገር ይጀምራሉ፣ «አላውቅም» የሚለውም ይቀንሳል።

ሦስት ሰከንድ ሲያነቡት ምንም አይደለም። እኛ ክፍል ግን ጥያቄው ከአፍ ሳይወጣ ጣት ማውጣት ይጀመራል፤ «ቲቸር! ቲቸር! እኔ! እኔ!» የሚለው ድምፅ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ይናኛል። በዚያ ውስጥ ማሰብ የሚፈልግ ልጅ ምን ዕድል አለው? ስለዚህ ከተማሪዎቼ ጋር ተነጋግረን ደንብ አወጣን። እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ እስካሳርፍ ድረስ ድምፅ የለም፣ ጣት የለም፤ ማሰብ ብቻ። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ለመዱት። ከኋላ ተቀምጠው ድምፃቸውን ሰምቼው የማላውቃቸው ሴት ልጆች መመለስ ሲጀምሩ የተሰማኝን ደስታ በቅጽ ላይ የት እንደሚሞላ አላውቅም።

ሌላው የመውጫ ጥያቄ ነው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ተማሪ በቁራጭ ወረቀት መልሶ ይሰጣል፤ ማርክ የለውም። ስለ ዕፅዋት መራባት ስናስተምር የጠየቅኩት «እምቦጭ እየተነቀለ ለምን አያልቅም?» ብዬ ነው። እምቦጭ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው፤ ጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ሲሆን የበረታው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ነው። የባሕር ዳር ልጆች ስሙን ያውቃሉ፤ ተክሉን እጃቸው ላይ ይዘው ያዩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የመጀመሪያው ዙር መልስ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጾታ አልባ መራባት ትርጉም፣ ቃል በቃል፣ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ያው። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ጥያቄ «በአማርኛ፣ በራሳችሁ አነጋገር» ብዬ ደገምኩት። አክስቱ ቤት ተቀምጦ የሚማር የደምቢያ ልጅ ይህን ጻፈ፦ «አባቴና ጎረቤቶቻችን ነቅለው ዳር ላይ ከመሩት። ክረምት ውኃው ሲሞላ መልሶ ወሰደው። ትንሽ ቁራጭ ከቀረች ከእሷ ሌላ ይወጣል። አበባውም ዘር አለው።» ተክሉ ከጎኑ ቅርንጫፍ እየዘረጋ አዲስ እንደሚያበቅል፣ በዘርም እንደሚራባ፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ ላስተምር የነበረውን ግማሹን ልጁ ከቤቱ ይዞት መጥቷል። አንዷ ደግሞ በወረቀቷ ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ካለ ባሕር ሸሽ መሬት ላይ የሚያርሱት ሰዎችስ?» ባሕር ሸሽ የምትለው የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ የሚታረሰውን ዳርቻ ነው። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በእሷ ጥያቄ ላይ ዋለ። ዕቅዴ ላይ አልነበረም፤ ከዕቅዴ ግን ይበልጣል።

እነዚህን ወረቀቶች ነው ዘንድሮ ክላሰሬ ውስጥ ያስገባኋቸው። የተገለበጠው መልስ በግራ፣ የራሳቸው በቀኝ፣ ከሥሩ እኔ ምን እንደቀየርኩ ሁለት ሦስት መስመር። የልጆቹን ስም በወረቀት ሸፍኜ ነው ፎቶ ኮፒ ያስነሣሁት፤ ማህደሩ የእኔ ቢሆንም ሐሳቡ የእነሱ ነውና ፈቃዳቸውንም ጠየቅኩ። አንዳንዶቹ ስማቸው እንዲታይ ለምነውኝ ነበር።

ዲፓርትመንታችን ውስጥ ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መምህር አሉ። አቻ ምልከታ ሲያደርጉልኝ ቅጹን ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ክላሰሬን ገለጡ። ሰርተፊኬቶቹን አለፍ አለፍ አሉና እምቦጩ ላይ ቆሙ። አንድ በአንድ አነበቡት።

«አንቺ፣ ይኼን ልጅ ማን አስተማረው?» አሉኝ።

«አባቱ፣ ጋሼ። እኔ መጠየቅ ብቻ ነው።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ። ይኼን ጻፊው።»

ጻፍኩት። ከሁሉም የጽብረቃ ገጾቼ እሱ ይሻለኛል።

ሰርተፊኬት ይጣል አላልኩም። በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና እንደ ብዙ መምህራን እኔም ወስጃለሁ፤ የዳታ ሳይንሱን ክፍል። ወረቀቱ ክላሰሬ ውስጥ አለ። ነገር ግን ብቻውን አይደለም። ከጀርባው የተማሪዎቼን የሚድ ፈተና ጥያቄ በጥያቄ የዘረዘረ ሠንጠረዥ አለ፦ የትኛውን ጥያቄ ብዙዎቹ ሳቱ፣ የተሳቱት ጥያቄዎች ከየትኛው ምዕራፍ ናቸው፣ ወንዶቹና ሴቶቹ የት ላይ ተለያዩ። አብዛኛው ክፍል የሳተው ጥያቄ ስለ ሴል ክፍፍል ነበር። ስለዚህ ምዕራፉን በድጋሚ ያስተማርኩበት ዕለታዊ ዕቅድ ይከተላል። አንድ ሥልጠና ወደ ክፍል መግባቱን የማውቀው እንዲህ ሲከታተል ነው፤ ከሥልጠናው ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዡ ዕቅድ፣ ከዕቅዱ የልጅ ወረቀት። ከመካከሉ አንዱ ከጎደለ ይታየኛል፤ ሱፐርቫይዘሩም ቢያየው ደስ ይለኛል።

ለወጣት መምህራን የምናገረው አለኝ፤ በተለይ ሥራ ጀምረው በሙያ ትውውቅ ላይ ላሉት። ማህደራችሁን ሰኔ ላይ አትጀምሩት። ከትምህርት ቤት ስትወጡ በስልካችሁ አንድ የደብተር ገጽ አንሡ፣ ቀኑንና ክፍለ ጊዜውን ጻፉበት፣ በቃ። ስልክ ይጠፋል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ስታገኙ ወደ ድራይቭ ጫኑት፣ ስታጡ በፍላሽ ያዙት። የምትማሩት ኮርስ ረጅም ከሆነም እስኪያልቅ አትጠብቁ። ማታ ያነበባችሁትን አንድ ነገር ጠዋት ክፍል ውስጥ ሞክሩት።

እኔ በዚህ ክረምት የላቦራቶሪ ዕቃ በሌለበት ሳይንስን በተግባር ስለማስተማር የሚሰጥ ኮርስ ጀምሬያለሁ። መስከረም ላይ ከዲፓርትመንታችን መምህራን ጋር የመውጫ ጥያቄዎችን በጋራ ለማዘጋጀት ተስማምተናል፤ ጋሼም ለአሥረኛ ክፍል እሞክረዋለሁ ብለዋል። የሴል ክፍፍሉን ጥያቄ ለአዲሶቹ ዘጠነኞች በመጀመሪያው ወር እሰጣቸዋለሁ፤ መልሳቸውንም ከዘንድሮዎቹ አጠገብ አስቀምጣለሁ።