ገደሉን ስናስከልል

እንግዳ ይዤ ጢስ ዓባይ ስመላለስ ዓመታት አልፈዋል። ፏፏቴውን የማያይ የለም። ከአላታ ድልድይ ሥር ያለውን ገደል ግን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። አንድ የበጋ ቀን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሠራው ከዚያ ድልድይ ወርጄ ዳገቱን ሳየው፣ ወይራው አልቆ ጉቶው ብቻ ቀርቷል። ከጉቶዎቹ መሀል የከሰል ጉድጓድ ገና ይጨሳል።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮ እየተጠበቀ ሰውም የሚኖርበት አካባቢ ሆኖ ስለተመዘገበ፣ ገደሉ ተጠብቆ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንድ ባለሙያ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ዩኔስኮ ዘብ አይልክም» አለኝ። ባዮስፌር ማለት ሁሉም ቦታ ዝግ ነው ማለት አይደለም፤ በዳሩ ባለው የሽግግር ቀጣና ሰው ያርሳል፣ ያስግጣል። በጥብቅ የሚጠበቀውን ዋናውን ቀጣና ቢሆንም የሚጠብቀው የአገሩ ሕግ ነው። ዳገቱ የወል መሬት ስለሆነ፣ ከብትና መጥረቢያ እንዳይገባበት ይከለል ብዬ ለመጠየቅ ወደ ቀበሌው ሄድኩ።

በስልኬ ጂፒኤስ ገደሉን ዞሬ ካርታ ሠራሁ፤ ኮርቼበትም ነበር። ስብሰባው ላይ ዘርግቼ ሳስረዳ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ ይቺ መስመርህ ምንጩን ቆርጣ ነው የምታልፍ። ጥጃዬን የት ላጠጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ካርታዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በነጋታው ከሳቸው፣ ከሽማግሌዎችና ከእረኞች ጋር ገደሉን በእግር እንደ ገና ዞርነው፤ ሦስት ቀን ፈጀ። ምንጩና የገበያው መንገድ ከክልሉ ውጭ ቀሩ። ወሰኑን ድንጋይ ላይ በኖራ ቀባን።

ያጨቃጨቀን ግጦሹ ነው። የመንዝ ጓሳ ሰው ቀሮ በሚባለው የቆየ የጋራ ደንብ ጓሳ የሚባለውን ሣር ለዓመታት ዘግቶ በጊዜው ያጭድ እንደነበር ብነግራቸው አንዱ አባት «እነሱ ጓሳ አላቸው፤ እኛ ያለን በሬ ነው» ብለው አሳቁብኝ። በመጨረሻ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ከብት አይግባ፣ ከመስቀል በኋላ ግን አጭዶ መሸከም ይፈቀድ ተባለ። ለዘቡ ደመወዝ የሚሆን ብር አልነበረም። ከሣሩ የመጀመሪያውን ድርሻ እሱ እንዲያጭድ ተስማማን፤ እኔ ካመጣሁት ሐሳብ ሁሉ ይሄ ይበልጣል፣ ያመነጨውም እረኛ ነው።

ደግሜ ብጀምረው ካርታውን መጨረሻ ላይ እሠራው ነበር። ስለ ከሰሉም ቀድሜ እናገር ነበር። ባሕር ዳር ባለቤቴ ቡና ልታፈላ የከሰሉን ማዳበሪያ ስትፈታ «ይሄስ ከየት የመጣ ነው?» ያለችኝ ቀን አፌን ያዝኩ። ገዢው እኛው ነን። አሁን በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የምናፈላው፤ መብራት በጠፋ ቀን ግን ያው ከሰል ነው።

ዳገቱ ላይ ክትክታው ቀድሞ ወጥቷል፣ ወይራው ገና ጉልበት አልደረሰም። ኖራውን ክረምቱ ያጥበዋል፤ ለመስቀል ማግሥት ባልዲና ብሩሽ አዘጋጅተናል።