ኳሱ ወደ እትዬ ነበር የመጣው

ቮሊቦል ላይ ሰው መደበቅ አይቻልም። እግር ኳስ ቢሆን ያልለመደውን ሰው አንድ ጥግ ላይ ታቆመዋለህ፣ «አንተ እዚህ ጋ ጠብቅ» ትለዋለህ፣ ኳስ ሳይነካ ጨዋታው ያልቃል። ቮሊቦል እንዲህ አይፈቅድም። በአንድ ወገን ስድስት ሰው ነው። ሰርቪሱን ከተጋጣሚ በወሰድክ ቁጥር ስድስቱም በሰዓት አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ይዞራሉ። ከኋላ የነበረው ፊት ይመጣል፣ ከፊት የነበረው ኋላ ሄዶ ይለጋል። ጎበዙም ጀማሪውም ሁሉም ቦታ ላይ ይቆማል። የእኛ ቤት ችግር የመጣው ይህን ዙረት በጉልበት ለማለፍ ከመፈለግ ነው።

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። የመንገድ ማሽነሪ የሚጠገንበት ጋራዥ ውስጥ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅር። ከጀርባ፣ አሮጌ ጎማና የተፈታ ማሽን ከተከመረበት አጠገብ፣ ባዶ ቦታ አለን። በአንድ በኩል የብረት ቱቦ በሲሚንቶ ተተክሏል፣ በሌላው በኩል አንድ ግራር አለ። መረቡ በሁለቱ መሃል ይወጠራል። ጋራዡ ጠዋት በጊዜ ስለሚከፈት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ የኛ ነው። ደሴ የሚያድሩት ግን ቀደም ብለው ይወጣሉ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረጎ ዳገት ነው፣ ክረምት ላይ ጉም ከወረደበት ፊት ለፊትህ ያለውን መኪና አታይም።

አምና ለሚያዝያ 23፣ ለሠራተኞች ቀን ማለቴ ነው፣ የክፍሎች ውድድር ተዘጋጀ። የሠራተኛ ማኅበሩ አንድ ነገር ወሰነ። በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አንዲት ሴት ትኑር። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ አሁንም እደግፈዋለሁ። የጋራዥ ቡድን ግን ያለችው አንዲት ሴት ናት፣ የስቶር ኪፐሯ እትዬ። የባቲ ልጅ ናት፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ዕድሜዋ አርባዎቹ ውስጥ ነው። ቮሊቦል ነክታ አታውቅም። «ኧረ እኔ ልቀመጥ፣ እናንተ ተጫወቱ» ብላ ነበር፤ ፎርማናችን «አብሽሪ፣ እንለምደዋለን» ብሎ አስገባት።

ችግሩ ማንም አላለማመዳትም። የግሬደር ኦፕሬተሩ ግን የተማሪ ቤት ቡድን ውስጥ የተጫወተ፣ ቁመቱም ምቱም የተመሰገነ ልጅ ስለሆነ መፍትሔውን በራሱ አመጣ። «እትዬ፣ ኳስ ወዳንቺ ሲመጣ ጎንበስ በይ። እኔ ከኋላሽ መጥቼ አነሳዋለሁ።» ይህን ያለው በክፋት አይደለም። አክብሮ ነው ያለው። ከሷ ላይ ሸክም የቀነሰላት ነበር የመሰለው።

ለጊዜው ሠራ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፍን። እትዬም ጎንበስ ትላለች፣ ልጁም በላይዋ ይመታል፣ ሰውም ያጨበጭባል። እኔ መረቡ ዳር ሆኜ አያታለሁ። ነጥብ በገባ ቁጥር እጅ ለእጅ ስንማታ እሷ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብላ ትቆማለች። ነጥቡ የሷ አልመሰላትም።

ፋይናንስና አስተዳደር ጋ ስንገናኝ ነገሩ ተበላሸ። እነሱ ጨዋታ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ሰርቪስ በሙሉ ለእትዬ መላክ ጀመሩ። ደንቡ ይፈቅዳል፣ ጥፋት የለባቸውም። ኦፕሬተሩ ከቦታው እየተነሳ ወደሷ ሲሮጥ የሱ ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ቀጣዩን ኳስ እዚያ ባዶው ላይ ይጥሉታል። አምስታችንም ቦታችን ጠፋን። ማን የቱን እንደሚጠብቅ አይታወቅም።

አንድ ኳስ ከፍ ብሎ፣ ቀስ ብሎ መጣ። ነፋስም አልነበረም። በቀጥታ ወደ እትዬ። በዚያን ጊዜ አልጎነበሰችም። ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ ሁለት ክንዷን አጋጥማ ቆመች። ለካ ማታ ማታ ቤት ከልጇ ጋር ስትለማመድ ከርማለች። ኦፕሬተሩ ዓይኑ ኳሱ ላይ ነው፣ እሷን አላያትም። ከኋላ በሙሉ ፍጥነት መጣ። የሷ እጅ ከሱ ደረት ጋር ተጋጨ፣ እሱ ሚዛኑን ስቶ የቱቦው ሲሚንቶ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ኳሱ በሁለቱ መሃል መሬት ነካ።

ፎርማኑ ተቆጣ። «ምን ነካህ? ኳሱኮ ወደሷ ነው የመጣው!»

«ጋሼ፣ ልረዳት ብዬ ነው» አለ ልጁ መሬት ላይ እንዳለ። እውነቱን ነው።

የእትዬ የቀለበት ጣት ወደኋላ ታጥፎ ነበር። አንዱ «ወጌሻ ጋ እንውሰዳት» አለ፣ ሌላው ደግሞ ጣቷን ይዞ ሊስብላት እጁን ዘረጋ። ፎርማኑ ከለከለ። ጥሩ አደረገ። ያበጠ ጣት ስብራት ይኑረው አይኑረው ሳይታወቅ አይጎተትም። መጀመሪያ ያደረገው ቀለበቷን በሳሙና ውሃ ማውጣት ነው፤ ካበጠ በኋላ ቀለበት አይወጣም፣ ደሙንም ይዘጋዋል። ከሻይ ቤቱ ፍሪጅ በረዶ አመጣን፣ በጨርቅ ጠቀለልን፣ ከዚያ ራጅ። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል ተባለና ጣቷ ከጎኑ ካለው ጣት ጋር ታሰረ። የኦፕሬተሩም ጉልበት አበጠ። ግሬደሩ ቆመ። ክረምት ሳይገባ ማለቅ ያለበት መንገድ ነበር፤ ያንን ማሽን ከሱ በቀር የሚነዳው ደግሞ አልነበረም።

እዚህ ድረስ የስፖርት ነገር ነው። የሥራው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የቀኝ እጇ ስለሆነ እትዬ መጻፍ አልቻለችም። ስቶር ውስጥ ረዳት አላት፣ ወጣት ልጅ። ሎደሩ ተፈቶ ኩሽኔታ ይጠብቃል። መካኒኩ መጠየቂያውን ይዞ ስቶር ሄደ። ልጁ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ሲዞር፣ ሣጥን ሲያወርድ ሲሰቅል፣ ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ፊልትሮ የሚፈልግ አለ፣ ችንጋ የሚፈልግ አለ። የየዕቃው ብዛት በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ስንት እንዳለ ተጽፏል፣ የት እንዳለ ግን አልተጻፈም። የት እንዳለ የሚያውቀው የእትዬ ጭንቅላት ብቻ ነው።

ተጠርታ መጣች። ቆጣሪው ጋ ቆማ ልጁን አየችው። እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች፣ የታሰረው ጣት ሲያማት መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ በአፏ ትመራው ጀመር። «በስተግራ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከኦይል ሲሎቹ በታች። አይ፣ እሱ ትልቁ ነው። ቁጥሩን አንብብልኝ።» አነበበላት። ትክክል ነበር። ሞዴል 22ቱን፣ የዕቃ ወጪ ቅጹን፣ እሱ ጻፈ፣ እሷ ቁጭ ብላ አየችው። ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው፤ ልጁ እዚያ ሲሠራ ዓመት አልፎታል፣ ሥራው ግን መሸከምና መጥረግ ነበር።

ሰልፉ ሲበተን እንዲህ አለች። «ወላሂ፣ ያ ልጅ ሜዳ ላይ እኔን ያደረገኝን እኔም ይኼን ልጅ ሳደርገው ነው የኖርኩት። ሁልጊዜ ‹ቆይ እኔ ላምጣው› ነው የምለው። ፈጥኜ ስለማመጣው የረዳሁት ይመስለኛል።»

ይህን ንግግሯን ደጋግሜ ለሰው እነግራለሁ። ምክንያቱም ስለ ደካማ ተጫዋች ስናወራ ሁልጊዜ አንዱ ደካማ ሌላው ጎበዝ ሆኖ የተፈጠረ እናስመስላለን። ሜዳው ላይ ጀማሪዋ እሷ ናት፣ ስቶር ውስጥ ደግሞ ከእጇ ኳስ የማይወጣው እሷ ናት። ኦፕሬተሩም ስቶር ቢገባ ኩሽኔታና ኩሽኔታ አይለይም። እኛ ወሎ ደቦ ስንጠራ ሽማግሌው ማጭዱን ይዞ ከመጣ ማንም አይቀማውም፤ ዳር ዳሩን እንዲያጭድ አንድ ትልም ይሰጠዋል፣ ያችን ትልም ደግሞ ሌላ ሰው አይነካበትም።

ጣቷ ከዳነ በኋላ እትዬ አልመለስም አለች። ፎርማኑ ነው ያግባባት፣ ሜዳውን እንቀይረዋለን ብሎ። ቀየርነውም። መረቡ የወንዶች ልክ 2.43 ሜትር ላይ ነበር፣ ወደ ሴቶቹ 2.24 አወረድነው። አንዳንዱ «ይኼማ የልጅ ጨዋታ ሆነ» ብሎ አጉረመረመ። የጨዋታውን ታሪክ የሚያውቅ ግን እንዲህ አይልም። ቮሊቦልን ዊልያም ሞርጋን የተባለ የወወክማ ስፖርት አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሆልዮክ በምትባል ከተማ ነው የፈጠረው። ቅርጫት ኳስ ከተፈጠረ አራት ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር። ሞርጋን ያስተምራቸው የነበሩት ዕድሜያቸው ገፋ ያሉ ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ቅርጫት ኳሱን ሩጫውና ግፊያው በዝቶባቸው ነበር። ለነሱ ብሎ ነው መረብ የሰቀለው፤ ከፍታውም 1.98 ሜትር ነበር። ተጫዋቹም የፈለገውን ያህል ይሁን ተባለ። ስድስት ሰው፣ ሦስት ንክኪ የሚለው ደንብ የመጣው በኋላ ነው። እንግዲህ ጨዋታው ሲወለድ ጀምሮ የተሠራው እንደ እትዬ ላለ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ሰርቪስ ለጀማሪ ከቅርብ፣ ከስር ወደላይ ተፈቀደ። ኳስ ሦስት ሰው ሳይነካ ወደ ማዶ አይሄድም ተባለ፤ ትክክለኛው ደንብ ሦስት ድረስ ይቻላል ነው የሚለው፣ እኛ ግድ አደረግነው። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ይኼ ነው። አንድ ሰው ብቻውን መጫወት አይችልም። ሌላው ደግሞ ጥሪው ነው። ኳሱ የሚመጣበት ሰው «የኔ!» ይላል፣ «የኔ» ከተባለ በኋላ ማንም እግሩን አያነሳም፣ ቢወድቅም ይውደቅ። ኦፕሬተሩ ይህን ለመልመድ ጊዜ ወሰደበት። ጉልበቱ ከዳነ በኋላ ሲመለስ እግሩ በራሱ ይነሳበታል፣ ወዲያው ያቆመዋል። ታግሎ ነው የለመደው፣ አከብረዋለሁ።

ማለማመዱን ራሱ ወሰደው። እጇን በኃይል እያወዛወዘች ስለነበር «እጅሽን እርሺው፣ በጉልበትሽ ተነሺ፣ ኳሱ ክንድሽ ላይ ራሱ ይነጥራል» አላት። ከዚያ በኋላ ነው ኳሷ መስመር የያዘው።

መሃል ላይ አንድ ነገር ተፈጠረ። ሰዉ እትዬ ኳስ በነካች ቁጥር ማጨብጨብ ጀመረ። ኳሱ ወደ ጎማው ክምር ሄደም ጭብጨባ ነው። አልወደደችውም። «ሕፃን አደረጋችሁኝ። ስስት ንገሩኝ፣ ሳገባ አጨብጭቡ» አለች። ትክክል ነች። ለሰው ኳሱን መንፈግ አንድ ንቀት ነው፣ ላልሠራው ማጨብጨብም ሌላ ንቀት ነው። አሁን ኳስ ስትስት ፎርማኑ «ክንድሽ ተለያየ» ይላታል፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

ወጣቶቹ ቅሬታ ነበራቸው፣ ቅሬታቸውም እውነት አለው። ጠንከር ያለ ጨዋታ መጫወት የሚፈልግ ሰው አለ፣ ሙሉ ጊዜውን በዝግታ ማሳለፍ ይሰለቸዋል። ስለዚህ እስከ 11 ሰዓት ተኩል የሁሉም ነው፣ በዝቅተኛው መረብ። ከዚያ ደሴ የሚወጡት ይወጣሉ፣ መረቡ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል፣ የፈለገ ጠንከር አድርጎ ይጫወታል። ይህ ካልተደረገ ጎበዞቹ ለብቻቸው ሌላ ሜዳ ይፈልጋሉ፣ ያኔ እትዬን የሚያለማምዳትም አይኖርም።

ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ስንገጥም ደግሞ የተሻሉት ስድስት እንዲገቡ እደግፋለሁ። ግን አስቀድሞ ይነገር። ሰው ማልያ ለብሶ መጥቶ ዳር ላይ ሲቀመጥ ነው የሚያመው።

ስቶሩም ተቀይሯል። መደርደሪያዎቹ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፣ ቢን ካርዱ ላይ የመደርደሪያው ቁጥር ገብቷል፣ ልጁ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉውን ቆጣሪ ብቻውን ይይዛል። እትዬ ያን ቀን ውስጥ ሆና ቆጠራ ትሠራለች። ሲያቅተው ይጠራታል፣ ካልጠራት አትወጣም።

ዘንድሮ የክፍሎች ውድድር ሲቃረብ ከፋይናንሶች ጋር ተቀምጠን ደንብ ተነጋገርን። አንዳቸው በቅንነት፣ አምና የሆነውን አስቦ፣ «ለእትዬ ሰርቪስ አንልክም፣ እንስማማ» አለ። እኛም ልንስማማ ነበር። እትዬ ከኋላ ሆና ስትሰማ ኖራ «ይላኩ እንጂ!» አለች። «ካልላኩልኝ ምን ልሠራ ነው የምቆመው?»

ይላካል ተባለ።