የአናናስ ዘመዶች

ጥቅምት ላይ ደሴ እናቴ ቤት አናናስ በላንና አናቱን መጣል አሳሳኝ። የታችኞቹን ቅጠሎች ገንጥዬ፣ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ አቆይቼ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ ተከልኩት። ጥሩ ይዞ ነበር። ህዳር ገብቶ የጦሳ ውርጭ ሲወርድበት ግን የቅጠሎቹ ጫፍ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆነ። እናቴ አየችውና «የቆላ ልጅ ነው፣ ይዘኸው ውረድ» አለችኝ። ሥራዬም ኪራይ ቤቴም ኮምቦልቻ ስለሆነ ጣሳዬን ታቅፌ በሚኒባስ ሐረጎን ወረድኩ። ረዳቱ የጣሳውንም ካልከፈልክ ብሎ ሲያደርቀኝ ነበር።

አሁን አከራዬ ግቢ ከኮባው አጠገብ ተቀምጧል። ክረምት ላይ ዝናቡ ካባራ በኋላ አከራዬ ጎንበስ ብለው በቅጠሎቹ ብብት የተጠራቀመችውን ውሃ አዩና «ይሄ ነገርህ ቢንቢ ሊያራባብን ነው እንዴ?» አሉኝ። «አብሽሩ እትዬ፣ ይቺ ጠብታ ምን ታመጣለች» ብዬ አለፍኩ። ማታ ግን ነገሩ ከነከነኝና ስልኬን ይዤ ሳነብ አመሸሁ።

አናናስ ብሮሚሊያድ ከሚባል የእጽዋት ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ ከ3,000 በላይ ዝርያ አለው፣ ከአንዷ በቀር ሁሉም የአሜሪካ አህጉራት ተወላጆች ናቸው። ያቺ አንዷ ምዕራብ አፍሪካ፣ ጊኒ ውስጥ ቋጥኝ ላይ ትበቅላለች፤ ዘሯ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣ ነው የሚሉት። አናናስ መሬት ላይ የሚኖር ነው፣ ብዙዎቹ ዘመዶቹ ግን ኑሯቸው ዛፍ ላይ ነው። ተቀጽላ እንዳይመስላችሁ። ተቀጽላ ዛፉን ይመጠምጠዋል፣ እነዚህ መቀመጫ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ውሃቸውስ? ኮባ ሲዘንብበት ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ውሃ ይይዝ የለ? የብዙዎቹ ብሮሚሊያዶች ቅጠልም ሥሩ ላይ እርስ በርሱ ገጥሞ እንደ ጽዋ ይሆናል፣ ትልልቆቹ ሊትሮች ይይዛሉ። ከላይ የረገፈ ቅጠል ይገባበትና ይበሰብሳል፣ እሱ ማዳበሪያቸው ነው። እንቁራሪት ይራባበታል። እኔን የገደለኝ ግን የጃማይካው ሸርጣን ነው። እናቲቱ ልጆቿን ከባህር ርቃ እዚያች የቅጠል ውሃ ውስጥ ታሳድጋለች፤ የወደቀውን ቅጠል እየለቀመች ወደ ውጭ ትጥላለች፣ ከዚያ ደግሞ ባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል ተሸክማ ታስገባለች። ዛጎሉ የውሃውን አሲድ ያበርዳል፣ ለልጆቿም ቅርፊት መሥሪያ ካልሲየም ይሰጣል። ማን አስተማራት?

ቢንቢውን በተመለከተ እትዬ ልክ ናቸው። በፈረንጆቹ 1940ዎቹ ትሪኒዳድ ውስጥ አንዱ የወባ ትንኝ ዓይነት የሚራባው ኩሬ ውስጥ ሳይሆን በካካዎ እርሻ የጥላ ዛፎች ላይ በተቀመጡት ብሮሚሊያዶች ውሃ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ተክሉን ከዛፍ ላይ በእጅ እየነቀሉ፣ የመዳብ ሰልፌት እየረጩ ነው ወባውን የተዋጉት። ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳልርቅ ስለምኖር ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ጣሳዬን በየሁለት ቀኑ ዘቅዝቄ አራግፋለሁ።

የዛፍ ሽበት ታውቃላችሁ አይደል? የጎፍ ደን ጥዶቹ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው። ልጅ ሆነን አገጫችን ላይ ለጥፈን ሽማግሌ እንጫወትበት ነበር። ደቡብ አሜሪካ ድረስ፣ በሰሜንም እስከ ቨርጂኒያ፣ ቁርጥ እሱን የሚመስል ዛፍ ላይ የሚንዠረገግ ተክል አለ። ሳይንሳዊ ስሙም ቲላንድሲያ ኡስኒኦይደስ ነው፣ ኡስኒያ መሳይ ማለት፤ ኡስኒያ የኛው የዛፍ ሽበት ነው። መልክ ብቻ ነው እንጂ አይዛመዱም። የኛው ፈንገስና አልጌ ተጋብተው የሠሩት ሊከን ነው፣ ያኛው የአናናስ የሥጋ ዘመድ። ሥር እንኳ የለውም። ጤዛውንና ዝናቡን ገላውን በሸፈኑት ጥቃቅን ብርማ ቅርፊቶች ይጠጣል፣ ውሃ እንዳይባክንበት የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታል።

ፔሩና ቦሊቪያ ተራሮች ላይ ደግሞ ጅብራን የሚመስል አላቸው፣ ፑያ ሬሞንዲ ይባላል። ለ80 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ አንዴ ያብባል፣ ከነአበባው ቁመቱ ወደ 10 ሜትር ይደርሳል፣ ከዚያ ይሞታል። የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት አንዱ ነው።

ሌሎቹም ሰላም የላቸውም። ፍሎሪዳ ውስጥ በ1989 ከሜክሲኮ ለጌጥ ከመጡ ብሮሚሊያዶች ጋር የገባ ነቀዝ ተገኘ። የነቀዙ እጭ የተክሉን ልብ ቦርቡሮ ይገድለዋል፣ በዱር የሚበቅሉትንም ፈጅቷቸዋል። ለግቢ ማሳመሪያ ብሎ የመጣ ነገር ነው እንግዲህ ይሄን ያደረገው። የብራዚል አትላንቲክ ደን አብዛኛው ተመንጥሯል፤ አንድ ዛፍ ሲወድቅ ላዩ ላይ ያሉት ጽዋዎች ከነእንቁራሪታቸው ይወድቃሉ። የጎፍ ላይም ሽበታሙ ጥድ ሲቆረጥ ሽበቱ ለብቻው የትም አይቀርም።

ትናንት ይህን ሁሉ ለእትዬ ስተርክላቸው ስለ ሸርጣኗ ሲሰሙ «ወላሂ?» ብለው ቡናቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ጣሳውን አዩና፣
«መቼ ነው የሚያፈራው?»
«ከተመቸው ሁለት ዓመት፣ ካልተመቸው ከዚያም በላይ።»
«እስከዚያማ ኪራዩ ሁለቴ ይጨምራል» አሉኝ።